የጎደለው ስልጠና አልነበረም

በጨቅላ ሕፃናት ክፍላችን የካንጋሮ እንክብካቤን (ሕፃኑን እናቱ ባዶ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ ማቀፍን፣ እኛ ኬኤምሲ የምንለውን) ለማስለመድ መሯሯጥ ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ። የደረስኩበትን ላካፍላችሁ፤ የተሳሳትኩትንም ጭምር።

ማስረጃው አያከራክርም። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1978 ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ የሕፃናት ማሞቂያ ሲያጥር የተጀመረ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር ደግሞ ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ከወሊድ በኋላ ወዲያው ይጀመር፣ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይሁን ይላል። እኛ ጋ ግን እናት ለአንድ ሰዓት ያህል ታቅፈውና ትመልሰዋለች።

ታዲያ ምን አደረግኩ? ስልጠና! (ስልጠና ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው አበሉ እንደሆነ ታውቃላችሁ።) ግማሽ ቀን አስተማርኩ፣ ፖስተር ለጠፍኩ። ለአንድ ሳምንት ሞቅ አለና ወደ ነበረበት ተመለሰ።

ከዚያ ነው እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን የአተገባበር ስልቶች ዝርዝር፣ ማለትም አዲስ አሠራርን ለማስለመድ የሚረዱ መንገዶችን ዝርዝር፣ ያገኘሁት። ሰባ ሦስት ናቸው! ደስ ያለኝን መምረጥ ስጀምር አንዷ ባልደረባዬ፣ "እስቲ መጀመሪያ እናቶቹን ጠይቂያቸው" አለችኝ።

ጠየቅኩ። አንዷ "ወገቤን" አለችኝ። ለካ በኦፕራሲዮን የወለደችን ሴት መደገፊያ በሌለው የፕላስቲክ በርጩማ ላይ ነው የምናስቀምጣት። ሌላዋ ማሰሪያ የላትም፤ ልጁን በሁለት እጇ ይዛ በምኗ ትጉረስ? ሦስተኛዋ አማቷን ፈርታለች፤ "ብርድ አስመታሽው" ይሏታል። ለዚህ ሁሉ የኔ ስልጠና ምን ይሠራል?

አሁን ደብተር ይዣለሁ። በግራ እንቅፋቱን፣ በቀኝ መፍትሔውን እጽፋለሁ። በግራ ያልተጻፈ ነገር በቀኝ አይገባም። ከመጋዘን መደገፊያ ያላቸው ወንበሮች አስወጣሁ፤ ለዚህም ሦስት ደብዳቤ ጽፌያለሁ። በነጠላ ማሰርን አሳየን፤ ሕፃኑ ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አድርጎ፣ እንደ እንቁራሪት ተጣጥፎ፣ ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ። አማቶችንም በጉብኝት ሰዓት ራሳቸው እንዲያቅፉ መጋበዝ ጀመርን። አንዷ አማት ሕፃኑን ደረታቸው ላይ ስናስቀምጥላቸው "ውይ፣ እንዴት ይሞቃል!" አሉ። ከዚያ ወዲህ አዲስ የመጡትን የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው።

ሌሊቱ ግን አልተፈታም። ሕፃኑ የታቀፈበት ሰዓት የሚመዘገብበትን ቅጽ ጠዋት ጠዋት ሙሉውን በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ተሞልቶ አገኘዋለሁ። ገባችሁ አይደል? ቅጹን ላሳጥረው አስቤ ነበር። ቆይ፣ በግራ በኩል ምን ተጻፈና! ሐሙስ ሌሊት ራሴ ተረኛ እገባለሁ።