ዋሻውን ማን ይጠርጋል?

ፒያሳ አካባቢ ለተከፈተ ምግብ ቤት የግድግዳ ሥዕል ያዝኩ፤ «የጥንት ሰው» ይሁንልኝ ተባልኩ። ባለቤቱ ሐሳቡን ያገኙት ከፊልም ነው። በስልካቸው አሳዩኝ፤ እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው፣ ራኬል ዌልሽ ቆዳ ለብሳ ከዳይኖሰር የምትሸሽበት ነው። ዳይኖሰሮች ከጠፉ 66 ሚሊዮን ዓመት ሆኗቸዋል፤ የእኛ ዝርያ ዕድሜ ግን 300 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። እኔን የገረመኝ የሴትየዋ ፀጉር ነበር፤ ከዳይኖሰር አምልጣ ሳይሆን ከውበት ሳሎን ወጥታ የምትሮጥ ትመስላለች።

እኔ ንድፉን ያወጣሁት ከራሳችን አገር ነው። መተማ፣ ሽንፋ ወንዝ ዳር ከ74 ሺህ ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎች፣ በጋው ወንዙን ቆራርጦ ኩሬ ሲያደርገው ዓሣ እያወጡ ይበሉ እንደነበር በቁፋሮ ታውቋል። ባለቤቱ መነጽራቸውን አድርገው ንድፉን አዩ።

«ይቺ ምን ትሠራለች?»

«ዓሣ ትይዛለች፣ ጋሼ።»

«እሱስ?»

«ልጁን አዝሎ ድንጋይ ይጠርባል።»

ጥቂት አሰቡና «ታዲያ ዋሻውን ማን ይጠርጋል?» አሉ።

ሳቄን ዋጥኩት። ፊልሙ የሚያሳየው የጥንቱን ሰው ሳይሆን የሠሪዎቹን ጓዳ እንደሆነ፣ ቆዳ አልብሰው የራሳቸውን ዘመን ባልና ሚስት ዋሻ እንዳስገቡ አስረዳኋቸው። ጥሩ አድርጌም የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

«ልጄ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብተሽ ታውቂያለሽ?»

«እንዴታ!»

«ግድግዳው ላይ ያሉት የጥንት ነገሥታት የማን አገር ልብስ ነው የለበሱት?»

«የጎንደር» አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

«እንግዲህ!» ብለው መነጽራቸውን አወለቁ።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህች «እንግዲህ» ናት። ደግሞም ወንዱን ልጅ ያሳዘልኩት ሽንፋ ላይ ማስረጃ ተገኝቶ አይደለም፤ ባለቤቴ ስለማያዝል ነው።

በድርድር ሴትየዋ ዓሣዋን ያዘች፤ ሰውየው ልጁን አውርዶ ዱላ ጨበጠ። የባለቤቱ ሚስት መጥተው «ፀጉሯ እንዲህ ተንጨባሮ እንግዳ ፊት አትቆምም» ስላሉ ሹሩባ ሠራሁላት። አሁን ያላለቀው የዳይኖሰሩ ጉዳይ ነው። ከገንዘብ ተቀባይዋ በላይ ያለው ግድግዳ ለእሱ ተይዟል፤ ቀሪው ክፍያዬም እንዲሁ።