የጋሼን መድኃኒት እንዴት አስፈቀድኩ

ታላቅ ወንድሜ ኤ ኤል ኤስ አለበት። ጡንቻን የሚያዙትን ነርቮች እያዳከመ የሚሄድ፣ ፈውስ ያልተገኘለት በሽታ ነው። ብዙ ሰው ምልክቱ ከታየበት በኋላ ከ2 እስከ 5 ዓመት ነው የሚኖረው። እንዲህ ላለ ሰው «ሌላ ሳምንት ተመለሱ» ማለት ምን እንደሆነ አስቡት።

ሐኪሙ ሪሉዞል አዘዘለት። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1995 የጸደቀ፣ ዕድሜን በጥቂት ወራት የሚያራዝም ኪኒን ነው። ጅማ ውስጥ ከፈረንጅ አራዳ እስከ መርካቶ ያሉትን ፋርማሲዎች አዳረስኩ። የለም። ነገሩ የገባኝ አንዲት ፋርማሲስት ስታስረዳኝ ነው። መድኃኒት የሚመዘገበው አምራቹ ወይም አስመጪው ሰነድ ይዞ ሲያመለክት ነው። ታማሚው ጥቂት ከሆነ የትኛው ነጋዴ ይደክማል? ያላመለከተ ሰው ባለበት «ቶሎ አጽድቁ» ብሎ መጮህ ትርፉ ድካም ነው። ስለዚህ ለአንድ ታማሚ ብቻ የሚሰጥ የማስገቢያ ፈቃድ ለመጠየቅ ተነሳሁ።

መጀመሪያ ያደረግሁት ውክልና ማስፈረም ነው። ጋሼ እስክሪብቶውን በሁለት እጁ ይዞ ፈረመ። ትንሽ ብንቆይ አይችልም ነበር። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ያለበት አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ እዚያ ያለችው የአክስታችን ልጅ እንድትከታተል አደረግን። የሐኪሙ ደብዳቤ ላይ የንግድ ስም ብቻ አይጻፍ፤ ሌላ ፋብሪካ የሠራውን ብታገኙ ጣጣ ነው። የመድኃኒቱ ስም፣ 50 ሚሊ ግራም፣ በቀን 2 ጊዜ፣ ለስንት ወር፤ ሁሉም ይስፈር።

ፋይሉ ግን ተኛ። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው። ሲስተም የለም። ኃላፊዋ መስክ ወጥተዋል። ያዋጣን ዘዴ «አለቀ ወይ?» ማለቱን ትተን፣ የገቢ ቁጥሩን ይዘን «ማን ጠረጴዛ ላይ ነው?» ማለት ነው። «ሂደት ላይ ነው» የሚባለውን መልስ እሺ ብላችሁ አትመለሱ።

በዚህ መሃል ጋሼ «ፈረንጆቹ አዲስ አውጥተዋል አሉ፣ እሱንስ?» አለኝ። ሬሊቭሪዮ የሚባለውን የኤ ኤል ኤስ መድኃኒት ማለቱ ነው። የአሜሪካው መድኃኒት ተቆጣጣሪ የኤፍዲኤ አማካሪዎች በማርች 2022 ማስረጃው አይበቃም ብለው 6 ለ 4 ወስነው ነበር። ታማሚዎች ተሟገቱ፤ በሴፕቴምበር ጸደቀ። የዓመት ዋጋው 158,000 ዶላር ገደማ ነበር። ትልቁ ጥናት ሲያልቅ ግን መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ አልተሻለም። አምራቹ ራሱ በ2024 ከገበያ አወጣው። ይሠራል አይሠራም የሚለውን ለማጣራት የሚወስደውን ጊዜ እችለዋለሁ። መልሱ ከታወቀ ሠላሳ ዓመት ገደማ ለሆነው ኪኒን ፊርማ ስጠብቅ ግን ደሜ ይፈላል።

ፈቃዱ ወጣ። ለሕክምና ሕንድ የሄደ ጎረቤታችን በማዘዣው ገዝቶ አመጣልን። ጋሼ ምግብ ከመብላቱ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይውጠዋል። ጉበት ስለሚነካ መጀመሪያ አካባቢ በየወሩ ለምርመራ ደም ይሰጣል። እሽጉ ሳይጋመስ ደብዳቤውን አሳድሼ የቀጣዩን ማመልከቻ አስገብቻለሁ።