በማሳይ ማራ ከአንበሳና ከአቦ ሸማኔ አጠገብ

ማሳይ ማራ ውስጥ አንበሳ ለማየት ያን ያህል ዕድለኛ መሆን አያስፈልግም። በደቡብ ምዕራብ ኬንያ፣ በናሮክ ካውንቲ የሚገኘው ይህ ጥብቅ ስፍራ 1,510 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለውና ከታንዛንያው ሴሬንጌቲ ብሔራዊ ፓርክ ጋር ያለ አጥር የተያያዘ የሣር ሜዳ ነው፤ ከሐምሌ ወር ጀምሮ ከደቡብ የሚተምመው ዊልድቢስት የተባለው ቀንዳም ሣር በል እንስሳና የሜዳ አህያ መንጋ ሲደርስም አዳኝ አራዊቱ ሩቅ ሳይሄዱ ጠግበው ያድራሉ። እኔም በዚሁ ወቅት ሄጄ አንበሳን፣ አቦ ሸማኔንና ነብርን በቅርብ ለማየት በቅቻለሁ። እዚህ ልጽፍበት የፈለግኩት ስለ ቅርበቱ ራሱ ነው፤ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ከአውሬ አጠገብ መድረስ ለሰው የሚሰጠውን ደስታም፣ አውሬውን የሚያስከፍለውን ዋጋም እዚያው ሜዳ ላይ ተመልክቻለሁና።

አንበሶቹን ያገኘናቸው ማለዳ ነበር። ሌሊት የጣሉትን ዊልድቢስት በልተው የጠገቡ እንስት አንበሶች ከነደቦሎቻቸው በአንዲት ግራር ዙሪያ ተዘርረዋል። ሹፌራችን እዚያው አካባቢ ተወልዶ ያደገ ማሳይ ነው፤ ከመንገዱ ሳይወጣ መኪናውን አቁሞ ሞተሩን አጠፋ። ያን ጊዜ የደቦሎቹ ማጉረምረም፣ የዝንቡ ድምፅና አንዷ አጥንት ስትሰብር የሚወጣው የስብራት ድምፅ ሁሉ ይሰማን ጀመር። ፀሐይዋ እየበረታች ስትሄድ ከመካከላቸው አንዷ ተነሥታ ተንጠራራችና በቀጥታ ወደ እኛ መጣች። በመስኮቴ ሥር ስታልፍ በትከሻዋ ላይ ያለውን የቆየ ጠባሳ፣ አገጯ ላይ የደረቀውን ደም፣ በጆሮዋ ጠርዝ የተጣበቀውን መዥገር ሳይቀር አየሁ። ቀና ብላ በቢጫማ ዓይኗ ተመለከተችኝ፤ በአስተያየቷ ፍርሃትም ቁጣም አልነበረም። ከዚያም መኪናው ወደ ጣለው ጥላ ገብታ ከኋላው ጎማ አጠገብ ተጋደመች።

ትንፋሼን ውጬ ነበር። ሰውነቴ ከ100 ኪሎ ግራም በላይ የምትመዝን አዳኝ ከክንዴ በታች እንዳለች ዐውቆ ደንግጧል፤ ልቤ ደግሞ ከዚያ ቦታ መነሣትን አልፈለገም። ሁለቱ ስሜቶች አንዱ ሌላውን ሳያሸንፍ አብረው መቆየታቸውን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ።

አንበሳ መኪናን ለምን እንዲህ ችላ እንደሚል ሹፌራችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስረዳን። የማራ አንበሳ ዓይኑን ከገለጠ ጀምሮ መኪና እያየ ያድጋል። መኪና አያሳድደውም፣ ግዳዩን አይቀማውም፣ የሚበላም ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ከነተሳፋሪዎቹ አንድ ግዙፍና ጉዳት የሌለው ነገር አድርጎ ይቆጥረዋል። አንድ ሰው በመስኮት ወይም በጣሪያው በኩል ግማሽ አካሉን ሲያወጣ፣ እጁን ሲያወናጭፍ ወይም ሲጮህ ግን ያ አንድ ወጥ ቅርፅ ይፈርሳል፤ አንበሳውም ሰው መኖሩን ይለያል። በሩን ከፍቶ መውረድማ ፈጽሞ የማይታሰብ ነው። ይህችው በጥላችን የተኛች አንበሳ ቀይ ኩታ የደረበ እረኛ በእግሩ ሲመጣ ከሩቅ ብታይ ተነሥታ ወደ ቁጥቋጦው እንደምትገባም ነገረን። ማሳዮች ከብቶቻቸውን ከአንበሳ ሲከላከሉ የኖሩ ሕዝብ ናቸው፤ አንበሳ መግደል ለወጣት ተዋጊ የክብር መለኪያ የነበረበት ዘመንም ሩቅ አይደለም። አደን በበረታባቸው ሌሎች የአፍሪካ አካባቢዎች አንበሳ የሞተር ድምፅ ገና ሲሰማ ይሸሻል። በማራ ያየነው እርጋታ እንግዲህ የረጅም ዘመን ጥበቃ ፍሬ ነው፤ ጎብኚው በመጣበት ዕለት የሚገኝ አይደለም።

ሌሊት በድንኳን ውስጥ ሆኖ ግሣቱን መስማት ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ጸጥ ባለ ሌሊት ድምፁ እስከ 8 ኪሎ ሜትር ሊሰማ ይችላል ይባላል። ከካምፑ ባሻገር ቀርቦ ሲያገሣ ግን ድምፁ ደረት ውስጥ ገብቶ ይሰማል፤ እንቅልፍም ከዚያ በኋላ አይታሰብም።

አሁን ወደ አቦ ሸማኔዋ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣችኝ እርሷ ናትና። ያገኘናት በገላጣው ሜዳ ላይ፣ ረጅሙ ግራጫ ፀጉር ገና ከጀርባቸው ካልረገፈ ትንንሽ ልጆቿ ጋር ነው። ኩይሳ ላይ ወጥታ የሚዳቋ መንጋ ትቃኛለች። ከዓይኖቿ ሥር እስከ አፏ የሚወርደው ጥቁር መስመር፣ ቀጭን ወገቧና ረጃጅም እግሮቿ ከአንበሳዋ ምን ያህል እንደምትለይ ይናገራሉ። አቦ ሸማኔ አታገሣም፤ ልጆቿን የምትጠራው የወፍ ጫጫታ በሚመስል ቀጭን ድምፅ ነው። በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ልትፈተለክ ብትችልም ይህን ፍጥነት የምትይዘው ለጥቂት መቶ ሜትሮች ብቻ ነው፤ ግዳይ ከጣለች በኋላም መብላት ከመጀመሯ በፊት ትንፋሿን መሰብሰብ ይኖርባታል። በዚያ መሐል አንበሳ ወይም ጅብ ቢመጣባት ትታው ትሄዳለች፤ ምክንያቱም ብትቆስል ማደን አትችልም፣ ማደን ካልቻለች ደግሞ ልጆቿ ይሞታሉ። ከእነዚህ ጠላቶቿ ለመራቅ ስትል በአብዛኛው የምታድነው በቀን ነው። ቀኑ ደግሞ የጎብኚ መኪና በሜዳው ላይ የሚርመሰመስበት ሰዓት ነው።

ከኩይሳው ወርዳ በሣሩ ውስጥ ማድባት እንደ ጀመረች ሹፌሮች በሬዲዮ ተጠራርተው ከየአቅጣጫው መምጣት ጀመሩ። በአንድ እንስሳ ዙሪያ በአንድ ጊዜ ከአምስት መኪና በላይ እንዳይቆም፣ ከተሠራው መንገድም እንዳይወጣ የሚከለክል ደንብ አለ፤ ነገር ግን በዚያ ረፋድ የደንቡን ቁጥር የሚጠብቅ አልነበረም። አንደኛው መኪና ፊቷን ለማየት ብሎ ሣሩን አቋርጦ በእርሷና በሚዳቋዎቹ መካከል ገባ። ሚዳቋዎቹ በረገጉ። አቦ ሸማኔዋም ተነሥታ ልጆቿን አስከትላ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረች፤ እንደገና አደባች፤ መኪናዎቹም እንደገና ተከትለዋት ዞሩ። ሹፌራችን ሞተሩን አስነሣና ወደ ኋላ መመለስ ጀመረ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ትንሽ እንዲቆይ ቢለምነው፣ «የልጆቿን ሆድ አይተዋል፤ ተጣብቋል። እኛ ብንሄድ አንድ መኪና ይቀንስላታል» ሲል በአክብሮት መለሰለት። ለመቆየት የለመነው ሰውም ከዚያ በኋላ አልተከራከረም።

ይህ የአንድ ሹፌር ርኅራኄ ብቻ ሊመስል ይችል ነበር። ሆኖም ተመራማሪዋ ፌምከ ብሩክሃውስ በማራ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት ነገሩን በቁጥር አሳይቶታል። የጎብኚ ብዛት አነስተኛ በሆነባቸው አካባቢዎች አንዲት እናት አቦ ሸማኔ ከአንድ ወሊድ በአማካይ 2.3 ልጆችን አሳድጋ ራሳቸውን እንዲችሉ ስታበቃ፣ ጎብኚ በሚበዛባቸው አካባቢዎች ግን አማካዩ 0.2 ብቻ ነው፤ ይህም በአምስት ወሊድ አንድ ልጅ እንደ ማለት ነው። መኪና ልጆቹን በቀጥታ ሲገድል አልታየም፤ ጉዳቱ የሚመጣው፣ እኛም እንዳየነው፣ የእናቲቱ አደን በመስተጓጎሉ ሳይሆን አይቀርም። በዱር የቀሩት አቦ ሸማኔዎች በመላው ዓለም 7,000 ገደማ እንደሆኑ በሚገመትበት ጊዜ፣ እንስሳዋን እወዳታለሁ ብሎ ባሕር አቋርጦ የመጣ ሰው ፎቶግራፍ ለማሳመር ሲል አደኗን ማበላሸቱን ቀላል ነገር አድርጌ ላልፈው አልችልም። ኃላፊነቱም የሹፌሮቹ ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ የሚቀርቡት ተሳፋሪው ስለሚገፋፋቸው፣ ገቢያቸውም ከደመወዛቸው በላይ በጎብኚው ጉርሻ ላይ ስለሚመሠረት ነው። «አትቅረብ፣ ከዚህ ይበቃናል» የሚል ተሳፋሪ ሹፌሩን ከዚህ ጭንቀት ነጻ ያወጣዋል።

ነብሩን ያየነው ለአጭር ጊዜ ነው። በታሌክ ወንዝ ዳር በአንድ ትልቅ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ፣ ወደ ላይ ጎትቶ የሰቀለውን ሚዳቋ አጠገቡ አድርጎ ተኝቷል። ነብር ግዳዩን ዛፍ ላይ የሚያወጣው ከጅብና ከአንበሳ ለማትረፍ ነው፤ የራሱን ክብደት የሚያህል ሥጋ በመንጋጋው ይዞ ግንድ መውጣት መቻሉ ይገርማል። አንዴ ዓይኑን ገልጦ አየንና መልሶ ጨፈነ። እኛም ብዙ ሳንቆይ ሄድን።

ገንዘቡ የሚፈቅድለት ሰው ከጥብቅ ስፍራው ድንበር ውጭ ያሉትን እንደ ናቦይሾና ኦላሬ ሞቶሮጊ ያሉ የጥበቃ መሬቶች ቢመርጥ እመክራለሁ። እነዚህ የማሳይ ባለርስቶች መሬታቸውን አስተባብረው ለቱሪዝም ያከራዩባቸው ቦታዎች ናቸው። ባለመሬቶቹ ቋሚ ኪራይ ያገኛሉ፤ የአልጋና የመኪና ብዛት ተወስኗል፤ በአንድ አንበሳ ዙሪያም የሚሰለፈው መኪና ጥቂት ነው። ዋጋው ውድ መሆኑ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ አንበሳው በሕይወት በመኖሩ እረኛው ኪራይ የሚያገኝበት አሠራር፣ አንበሳ ከብት ሲበላ ጦር ይዞ የመነሣቱን ፍላጎት የመቀነስ ኃይል አለው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ስለ አገሬ አንበሳ ሳላስብ አልቀረሁም። ብዙዎቻችን አንበሳን መጀመሪያ ያየነው እ.ኤ.አ. በ1948 በተመሠረተው በስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ፣ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ነው። በዱር የሚኖረውን ያየ ኢትዮጵያዊ ከገጠሩ ነዋሪና ከጥበቃ ሠራተኞች በስተቀር ጥቂት ነው። ሆኖም በባሌ ሐረና ጫካ ውስጥ አንበሳ አለ። በቋራ በኩል ከሱዳኑ ዲንደር ጋር በሚዋሰነው በአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክም እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎች በዱር ላይ ባጠመዷቸው ካሜራዎች የአንበሳ ፎቶግራፍ አግኝተዋል፤ ዳናውንም አይተዋል። የአልጣሽና የሐረና አንበሶች የጎብኚ መኪና እያዩ አላደጉም፤ ሰው ሲመጣ ይሸሻሉ ወይም ይሰወራሉ እንጂ በጎማ ጥላ ሥር አይተኙም። ጸጥታው ሰፍኖ፣ መንገዱም ተሠርቶ እነዚህ ቦታዎች ለሳፋሪ ቢከፈቱ፣ የመኪናው ቁጥርና ርቀት የመጀመሪያው ጎብኚ ከመግባቱ በፊት እንዲወሰን፣ የእኛዎቹ አስጎብኚዎችም ሞተሩን አስነሥቶ ከአቦ ሸማኔዋ የራቀውን ሹፌር ከመሰሉ ሰዎች ጎን ተቀምጠው አንድ የጉብኝት ወቅት እንዲሠሩ እፈልጋለሁ።