ላቤኦባርበስን ቤት ማስመታት

የጣናን ሳይንሳዊ ስሞች በግጥም ቤት የማስመታቱ ሥራ አንድ ደረጃ አልፏል፤ እስካሁን አልገዛ ያለው የነጭ ዓሣው ስም ላቤኦባርበስ ገብቷል። ባሕር ዳር ሆነን ስለ ሐይቁ የምንጽፍ ሰዎች ከእምቦጭ፣ ከደንገልና ከታንኳ ወጣ ማለት አለብን ብዬ ስለማምን መንገዱን በዝርዝር አስቀምጣለሁ።

ቀላሎቹን ልለፋቸው። ሳይኖባክቴሪያ ከመሻገሪያ፣ ከማስገሪያና ከመኖሪያ ጋር ያለ ድካም ይገጥማል። የአምባዛው ክላሪያስ ኤልያስን ያገኛል፤ የቀረሶው ኒሎቲከስ ደግሞ ይርከስንና ይነከስን። ለእነዚህ የግማሽ ቀን ሥራ ይበቃል።

ላቤኦባርበስ ነጭ ዓሣ የምንለው ነው። በጣና 15 ዝርያዎች አሉት፤ ወደ 40 ሜትር የሚወርደው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሦች ለይቶ አኑሯቸዋል። እንዲህ ያለ ፍጥረት ግጥም ውስጥ ስሙን ይዞ መግባት ይገባዋል።

መጀመሪያ አጻጻፉ ይቆረጥ። «ባርቡስ» ብለን ከጻፍነው አውቶቡስ ሙሉ ቤት ይሆነዋል፤ ቅዱስና ንጉሥም በ«ኡስ» ይጠጉታል። «ባርበስ» ካልነው ግን ቤቱ ሌላ ነው። እኔ «በስ»ን መርጫለሁ፤ ቫይረስና ሰርከስ በዚያው መንገድ ስለገቡ ጆሮ ለምዶታል። በአንድ ግጥም ውስጥ ሁለቱን መቀላቀል ግን ፈጽሞ አይገባም።

ቀጥሎ ቀለም ይቆጠር። ላ፣ ቤ፣ ኦ፣ ባር፣ በስ፤ አምስት ነው። ለሰንጎ መገን (5/5፣ ስንኙ አምስት አምስት ቀለም ያላቸው ሁለት ሐረጎች ነው) አንዱን ሐረግ ብቻውን ይሞላል። ለየወል ቤት (6/6) አንድ ይጎድለዋል፤ «የ»፣ «ለ» ወይም «ከ» ሲጨመርበት ልክ ይመጣል።

አስቸጋሪው ቤቱ ነው። በ«ስ» ብቻ ከተመታ ጣና ቂርቆስም ይሆናል፤ ግን ይሄ ሲነበብ ባዶ ይመስላል። «ኧስ»ን ከጠበቅን ፈረስ፣ መንፈስ፣ ይመለስ፣ ይፍሰስ ይመጣሉ፤ ይህ መካከለኛ ነው። ሙሉው ቤት «በስ» ነው፤ እዚህ ላይ ስም መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። ልብስ፣ ጥብስና የብስ በጽሑፍ ይቀርባሉ እንጂ «ብስ» ናቸው፤ ድምፅ ተሰጥቶ ሲነበብ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል።

መፍትሔው ግስ ነው። መጨረሻቸው «በሰ» የሆኑትን በአንድ ገጽ ላይ ጻፏቸው፦ ለበሰ፣ ጠበሰ፣ አበሰ፣ ዳበሰ፣ ቀለበሰ፣ አግበሰበሰ፣ አድበሰበሰ። ከዚያ እያንዳንዱን አርቡ። በትእዛዝ ይልበስና ይጥበስ ይሠራሉ። ያብስ፣ ይዳብስ፣ ይቀልብስ፣ ያግበስብስ ግን አይሠሩም፤ ከ«ስ» በፊት ያለው ፊደል ሳድስ ሆኗል። «ተ»ን ጨምሮ ተደራጊ ማድረግ ያድናቸዋል፦ ይታበስ፣ ይዳበስ፣ ይቀልበስ፣ ይግበስበስ። ከትእዛዝ ለመውጣትም ያው ተደራጊው ነው፦ ሲጠበስ፣ ቢታበስ፣ የማይቀለበስ፣ ሲግበሰበስ። «ሲለብስ» አይሆንም፣ «ሲለበስ» ይሆናል። ይህችን አንዲት ልዩነት የያዘ ሰው ለ«በስ» ቤት አይቸገርም።

የወል ቤት ምሳሌ፦

ወንዙ ጥላ ያግኝ፣ ዳር ዳሩም ዛፍ ይልበስ፤
መራቢያው ነውና ለላቤኦባርበስ።

ባዕዱን ስም ሁለተኛው ስንኝ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። «ይልበስ»ን የሰማ ጆሮ የሚመጣውን አይገምትም። ተገልብጦ ስሙ ከቀደመ ግን አድማጩ ገጣሚው ለቤት ሲል ምን እንደሚያመጣ መጠበቅ ይጀምራል። ይዘቱም ይጠበቅ፦ ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች በክረምት ወጥተው የሚራቡት ከፊሎቹ ዝርያዎች እንጂ 15ቱም አይደሉም። የሚፈልጉት ንጹሕ ውኃና ጠጠር ነው፤ ዳርቻው ሲራቆት ደለል ጠጠሩን ይሸፍነዋል። ስለዚህ «ዛፍ ይልበስ» ለቤት ብቻ የገባ አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ ስሙን ራሱን ማርባት ነው። «ላቤኦባርበሱ» ሲባል ስድስት ቀለም ይሞላል፤ ለበሱ፣ ጠበሱ፣ ዳበሱ፣ ቀለበሱ፣ አግበሰበሱ ሁሉ በአንዴ ይከፈታሉ፦

መረቡን ሲስቡ ግንባር እያበሱ፣
ታንኳቸውን ሞላው ላቤኦባርበሱ።

«ላቤኦባርበሳችን» የሚለውን ግን አልመክርም። «ችን» ከሐይቃችንም ከቤታችንም ጋር ስለሚገጥም የተገጠመው ቅጥያው ብቻ ነው። «ላቤኦባርበሴ»ም አያዋጣም፤ ለብሼና ጠብሼ (በጎጃም ለብሸና ጠብሸ) ሲባል «ሰ» ወደ «ሸ» ስለሚዞር ግሶቹ ሁሉ ይሸሻሉ።

ፎቶሲንተሲስን የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። አድራጊ ስሞች በ«ኢ» ሲያልቁ (ቀዛፊ፣ አስጋሪ) «ስ» ተጨምሮ ቀዛፊስ፣ አስጋሪስ ይባላል፤ የ«ኢስ» ቤት ሞልቷል። በ«ሰ» የሚያልቀው ግስ ግን ከሳሽ፣ አራሽ፣ ቀዳሽ ነው የሚሰጠው፤ «ሲ» አይገኝም። የቀረው ቀሲስ፣ ከዚያም ታክሲስ፣ ፖሊሲስ፣ ኤምባሲስ ነው። ቀሲስ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሌሎቹ ከከተማ ወሬ ጋር ካልሆነ አይሄዱም።

«ስ»ን በዚህ መልኩ መጠቀም በአንድ ግጥም አንዴ ብቻ ያምራል፤ ሁለተኛ ሲመጣ ዘዴው ይታያል። አሁን የያዘኝም በዚህ ምክንያት ነው። ላቤኦባርበስ ኢንተርሚዲየስ የሚለው የዝርያ ስም አምስት አምስት ሆኖ ሳይነካ አንድ የሰንጎ መገን ስንኝ ነው። ለ«የስ» ግን «በሰ» እንዳሉት ያለ የግስ ረድፍ የለም፤ ታየና ቆየ ላይ «ስ» መለጠፍ ግድ ይላል፦

ከሁሉ ዓሣ ገኖ የታየስ፣
ላቤኦባርበስ ኢንተርሚዲየስ።

ከ«የታየስ»ና ከ«የቆየስ» ውጪ «ስ» ያልተለጠፈበት የ«የስ» ቤት ያገኘ ቢያካፍለን ረጅሙን ግጥም በዚህ ስንኝ መጨረስ ይቻላል።