በባሕረ ሐሳብ ስሌት ፓይተንን መለማመድ

ለፓይተን (የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው) ጀማሪዎች የሚሰጡ መልመጃዎች በአብዛኛው ሁለት ቁጥር መደመርና ከ1 እስከ 10 መቁጠር ናቸው። ትእዛዞቹን ያስተዋውቃሉ፤ ሆኖም ተማሪው ከማካፈል የሚተርፈውን ቀሪ የሚሰጠው የ% ምልክት ለምን እንደሚያስፈልግ ሳይገባው ያልፋል። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምመርጠው የባሕረ ሐሳብን፣ ማለትም የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ስሌት ነው፤ ውጤቱን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ጋር ወዲያው ማመሳከር ይቻላልና።

በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለም ይገኛል። ይህ ለ4 ሲካፈል ድርሻው መጠነ ራብዒት ይባላል፤ ቀሪው ደግሞ ወንጌላዊውን ያሳውቃል፦ 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ 0 ዮሐንስ። ዓመተ ዓለሙና መጠነ ራብዒቱ ተደምረው ለ7 ሲካፈሉ የሚተርፈው ቁጥር መስከረም 1 የሚውልበትን ዕለት ይሰጣል፤ 0 ሰኞ ነው፣ 6 እሑድ።

ጥንቃቄ የሚያሻው ማካፈሉ ላይ ነው። የ2017 ዓመተ ዓለም 7517 ነው። በነጠላ እዝባር 7517 / 4 ብለን ብንጽፍ 1879.25 ይመጣል፤ በዚሁ ብንቀጥል የመጨረሻው ቀሪ 2.25 ይሆንና ፓይተን በዚህ ቁጥር ከሊስት (በተራ ከተደረደሩ ዕለታት ዝርዝር) ውስጥ ዕለት ማውጣት ስለማይችል ስሕተት አሳይቶ ይቆማል። 7517 // 4 ግን 1879ን ብቻ ይሰጣል፤ ድምሩ 9396፣ የ9396 % 7 ውጤትም 2 ስለሆነ ዕለቱ ረቡዕ ነው። ፓይተን ከመደመር በፊት % ን ስለሚያሰላ ድምሩን በቅንፍ ማስቀመጥ ግድ ነው። የሊስት አቆጣጠር ከ0 ስለሚጀምር፣ ዕለታቱን ከሰኞ ጀምረን ከደረደርናቸው ቀሪው ራሱ የዕለቱ መገኛ ይሆናል፤ አንድም «ኢፍ» (የ«ከሆነ» ትእዛዝ) አያስፈልግም፤ ይህ መገጣጠም ሁልጊዜ ደስ ያሰኘኛል።

ከዚያ ስሌቱን ለእያንዳንዱ ዓመት እንዲደጋገም በፎር ሉፕ ውስጥ እናስገባው። ዓመታቱን በተራ የሚሰጠው ሬንጅ(2016, 2021) የመጨረሻውን ቁጥር ስለማይጨምር ፕሪንት (የማሳተሚያው ትእዛዝ) የሚያወጣው አምስት መስመር ነው፦

2016 ማክሰኞ
2017 ረቡዕ
2018 ሐሙስ
2019 ዓርብ
2020 እሑድ

ቅዳሜ የት ሄደ? ተማሪው መልሱን ራሱ እንዲያገኝ ወንጌላዊውንም በዚያው መስመር ያሳትመው። 7519 % 4 ቀሪው 3 ስለሆነ 2019 ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች፣ ቀጣዩ ዓመትም አንድ ዕለት ዘሎ ይገባል። የሬንጁን መጨረሻ 2045 ቢያደርገው ደግሞ 2044 ልክ እንደ 2016 ማክሰኞና ዮሐንስ ሆኖ ይታያል፤ በ28 ዓመት ውስጥ መጠነ ራብዒት በ7 ስለሚያድግ ጠቅላላ ጭማሪው 28 + 7 = 35 ነው፣ 35ም ለ7 ያለ ቀሪ ይካፈላል።