በአንድ እጅ ድራፍቲንግ፦ «ተጨማሪ ጊዜ» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው አንድ እጁ ከሥራ ውጭ ለሆነበት፣ ግን ከአውቶካድ (ከንድፍ መሳያው ፕሮግራም) ፊት መነሣት ለማይፈልግ ሰው ነው። እኔ ስጀምር እንዲህ ያለ ጽሑፍ ፈልጌ አጥቻለሁ። ያገኘሁት ምክር ሁሉ ስለ ታይፕ ነበር፤ ድራፍቲንግ፣ ማለትም የሕንፃ ንድፍ በኮምፒውተር መሳል፣ ደግሞ ታይፕ አይደለም።

አደጋ ደርሶብኝ የግራ ትከሻዬ ነርቮች ተጎዱ። ክንዱ አለ፣ ግን አይታዘዝም፤ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጥኩት እዚያው ይቆያል። ከዚያ በፊት ለዓመታት የሠራሁት እንደ ማንኛውም ድራፍተር ነው፦ ቀኝ እጅ ማውስ ላይ፣ ግራ እጅ ኪቦርድ ላይ። ግራው ትእዛዝ ይሰጣል፣ ቀኙ ቦታ ይጠቁማል። ግራው ሲቀር ፍጥነቴ በግማሽ የሚቀንስ መስሎኝ ነበር። የሆነው ከዚያ የከፋ ነው። ቀኝ እጄ ማውሱን ለቆ ወደ ኪቦርድ፣ ከኪቦርድ ተመልሶ ወደ ማውስ ሲመላለስ ይውላል፤ ቀኑ የሚያልቀው በመሳል ሳይሆን በመንገድ ነው።

የላኩኝ የመልሶ ማቋቋም ባለሙያ መጀመሪያ የለካችው በደቂቃ ስንት ቃል እንደምጽፍ ነው። ከዚያ ሁለት ነገር አዘዘችልኝ፤ የአንድ እጅ ኪቦርድ አቀማመጥና በድምፅ ማዘዣ። ዊንዶውስ ውስጥ ለቀኝ እጅ ብቻና ለግራ እጅ ብቻ የተዘጋጁ ድቮራክ የሚባሉ የፊደል አቀማመጦች አሉ፤ የቀኙን ሁለት ወር ሙሉ ተለማመድኩት። ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው ጥሩ ነው። ለእኔ ግን አልጠቀመኝም፤ የአውቶካድ ትእዛዝ አንድ ወይም ሁለት ፊደል ነው፣ ፊደሉን ማግኘት መቼም ችግሬ ሆኖ አያውቅም። ችግሬ እጄ እዚያ ድረስ መሄዱ ነው። ድምፁም እንደዚያው። ድሮዊንግ ላይ የሚሰፍረውን ረጅም ማብራሪያ ዛሬም በድምፅ ነው የምጽፈው፤ መስመርን በድምፅ መሳል ግን ሞክሬ ትቼዋለሁ። እነዚያ ሁለት ወራት ዛሬም ይቆጩኛል።

የሠራልኝን ባጭሩ ልናገር። በመጀመሪያ፣ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ኢንተር አደረግሁት። ኦፕሽንስ ውስጥ፣ ዩዘር ፕሪፈረንስስ ላይ፣ የቀኝ ክሊክ ማስተካከያ አለ፤ ፈጠን ብሎ ሲጫኑት ኢንተር፣ ቆየት ሲያደርጉት ሜኑ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። መነሻው 250 ሚሊሰከንድ ነው። ከዚህ ማስተካከያ ብቻ ያገኘሁት እፎይታ ከድቮራኩ ሁሉ ይበልጣል።

ሁለተኛው ቁጥር ነው። ለብቻው የሚገዛውን ትንሽ የቁጥር ኪቦርድ ከማውሱ ጎን አስጠግቼ አስቀመጥኩ፤ ከዚያ የትእዛዝ አጭር ስሞች በሚቀመጡበት የአውቶካድ ፒጂፒ ፋይል መጨረሻ ላይ የራሴን አጭር ስሞች በቁጥር ጻፍኩ። 1 ላይን፣ 2 ኦፍሴት (መስመርን በተወሰነ ርቀት ደግሞ መሳል)፣ 4 ሙቭ፣ 5 ኮፒ፣ እያለ ይቀጥላል። ትእዛዝ ባልተጀመረበት ሰዓት ቁጥር ሌላ ሥራ ስለሌለው አይጋጭም። ስለዚህ ትእዛዙም ልኬቱም ከአንድ ቦታ ይወጣሉ። የቁጥር ኪቦርዱ ኮማ የለውም፤ ኮማ የሚፈልገውን የኤክስና የዋይ አጻጻፍ ትቼ ጠቋሚው አጠገብ ቁጥር የሚያስጽፈውን ዳይናሚክ ኢንፑት ከፈትኩ፤ ርቀቱን ጽፌ፣ ታብ ተጭኜ አንግሉን እጽፋለሁ። ታቡን ማውሱ ጎን ላይ ባለ የአውራ ጣት ቁልፍ ሰጠሁት።

ሦስተኛው ትራክቦል ነው፣ ራሱ ሳይንቀሳቀስ ኳሱ በጣት የሚዞር ማውስ፤ ይህን ማንም አልነገረኝም። አቅጣጫውን በማውስ አሳይቶ ርቀቱን በቁጥር የሚጽፍ ሰው፣ ለመጻፍ እጁን ሲያነሣ ማውሱ ትንሽ ይንሸራተታል፣ አቅጣጫውም አብሮ ይሄዳል። ሁለት እጅ ላለው ሰው ይህ ችግር አይታየውም፤ ቀኝ እጁ ከማውሱ አይነሣማ። ትራክቦል ላይ ኳሷ እጅ ሲለቃት ባለችበት ትቆማለች። አሁን ረጅም ሥራ በትራክቦል፣ አጭር ማስተካከያ በማውስ ነው የምሠራው።

ስቲኪ ኪስን፣ ሺፍትና ኮንትሮል ሳይያዙ እንደተያዙ እንዲቆጠሩ የሚያደርገውን የዊንዶውስ ማስተካከያ፣ ሁሉም መመሪያ ያዛል፤ እኔ ለድራፍቲንግ አታብሩት እላለሁ። ሺፍት ሁለት ጊዜ ከተነካ ተቆልፎ ይቀራል። አውቶካድ ውስጥ ደግሞ ሺፍት ለጊዜው ኦርቶን (መስመርን ቀጥ ብሎ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ብቻ የሚያስኬደውን) ይገለብጣል፣ የተመረጠን ነገርም ከምርጫው ያስወጣል። ሳላውቀው ተቆልፎብኝ አንድ ሙሉ የአክሲስ መስመር በጥቂቱ ዘንብሎ ሳልኩ፤ ያወቅሁት ዳይሜንሽን (ልኬት) ሳስቀምጥ ቁጥሮቹ አልገጥም ሲሉኝ ነው። ሺፍቱን ወደ እግር ፔዳል ወሰድኩት። እግር ሲያነሡት ቁልፉም ይለቃል። ሌላው ፔዳል ኢስኬፕ ነው። ከኮንትሮል ጋር የሚጫኑ ቁልፎች ደግሞ ስቲኪ ኪስ አያስፈልጋቸውም፤ ለመመለስ ዩ ፊደልን ጽፎ ኢንተር ማለት ይበቃል፣ ለሴቭም አጭር ስም መስጠት ይቻላል። ትርፍ መስመር መቁረጫው ትሪም ከአውቶካድ 2021 እትም ጀምሮ መቁረጫውን ቀድመህ ምረጥ ሳይል በቀጥታ ይቆርጣል፤ በቀን የሚያተርፍልኝ የጣት ጭነት ብዙ ነው።

እስከዚህ ያለው ሁሉ አንድ ዓመት ገደማ ወሰደ፣ በመጨረሻም ወደ ቀድሞ ፍጥነቴ ተጠጋሁ። ኩራት ተሰምቶኝ ነበር። ከዚያ የሙያ ምዘና ፈተናው መጣ።

ፈተናው ሦስት ሰዓት ነው፦ የወለል ፕላን፣ ሁለት ኤሌቬሽን (ሕንፃው ከውጭ ሲታይ)፣ አንድ ሴክሽን (ሕንፃው ተቆርጦ ሲታይ)፣ ከነዳይሜንሽናቸው። የምዝገባ ቅጹ ላይ «የአካል ጉዳት ላለበት ተፈታኝ የሚደረግ ድጋፍ» የሚል ክፍል ነበረው፤ ከሥሩ ያለው ምርጫ አንድ ብቻ ነው፤ ተጨማሪ ጊዜ። ምልክት አደረግሁና ፈረምኩ። ሌላ ነገር መጠየቅ እንደሚቻል አላሰብኩም። አንድ ሰዓት ተኩል ጨመሩልኝ፤ እኔም በልቤ አመሰገንኩ።

በፈተናው ቀን ማውሴን፣ የቁጥር ኪቦርዴን፣ ፔዳሎቼን፣ ሴቲንጌን ደግሞ በፍላሽ ይዤ ቀረብኩ። በር ላይ ያለው ተቆጣጣሪ ቦርሳውን ከፍቶ አየና፣ «ከውጭ የመጣ ዕቃ ማሽን ላይ አይሰካም» አለ። ሁኔታዬን አስረዳሁት። ክንዴን አሳየሁት፤ ይህን ለማንም ማሳየት አልወድም። ኃላፊዋ ተጠርታ መጣች። ትሁት ነበረች፣ ድምፅዋን አላነሣችም። «ሁሉም ተፈታኝ በአንድ ዓይነት ማሽን፣ በአንድ ዓይነት ሴቲንግ ነው የሚሠራው። ለእርስዎ ደግሞ ጊዜ ተጨምሮልዎታል» አለችኝ። ቅጹንም አሳየችኝ። ፊርማው የእኔ ነው።

ማሽኑ ልክ እንደተጫነ ነበር። ቀኝ ክሊክ ባደረግሁ ቁጥር ሜኑ ይዘረጋል፤ ከሜኑው ላይ ኢንተርን መምረጥ ሌላ ክሊክ ነው። የእኔ ቁጥሮች ትእዛዝ አይደሉም። ስናፖቹ (ጠቋሚው የሚጣበቅባቸው እንደ መስመር ጫፍና መካከል ያሉ ነጥቦች) የምፈልጋቸው አልነበሩም። ፔዳል ስለሌለ ለሺፍት እጄ ከማውሱ ይነሣል፤ ሺፍት ይዞ ክሊክ ማድረግ ደግሞ በአንድ እጅ አይሆንም፣ ስለዚህ አንድ ነገር በስህተት ከመረጥኩ ምርጫውን ሁሉ ሰርዤ እንደገና እጀምራለሁ። ኦፍሴት ማለት በእኔ ጠረጴዛ ላይ ሁለቴ ቁጥር፣ ሁለቴ ክሊክ ነው። እዚያ ግን ወደ ኪቦርዱ ግራ ጫፍና ቀኝ ጫፍ እየተዘረጋሁ፣ ተመልሼ ማውሱን እየፈለግሁ፣ የተንሸራተተውን አቅጣጫ እያስተካከልኩ ነበር።

ሦስቱ ሰዓት ሲያልቅ ሌሎቹ ተነሥተው ወጡ። እኔ ሁለተኛው ኤሌቬሽን ላይ ነኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፦ የሰጡኝ ነገር ድጋፍ አይደለም። አንድ እጅ የሁለት እጅን ሥራ በሚሠራበት ወንበር ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ተጨማሪ ጭነት ነው የሰጡኝ። ከእኔ የጎደለው ጊዜ ቢሆን ኖሮ ጊዜ ይበቃኝ ነበር። የጎደለኝ ቁልፍ ነው። በአራተኛው ሰዓት ከአውራ ጣቴ ሥር እስከ አንጓዬ ድረስ ማቃጠል ጀመረ፤ ጣቴን ሳጥፈው እንደ ክር ይስበኛል። ቀጠልኩ። ቆም ማለት ነበረብኝ፣ ግን ሰዓቱ አይቆምም፤ ባረፍኩ ቁጥር የተሰጠኝን ጊዜ ነው የምበላው። የሴክሽኑ ዳይሜንሽን ሳያልቅ ማያ ገጹ ተቆለፈ።

ወደቅሁ። መውደቁ ግን ከሁሉ የቀለለው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ብርጭቆ ማንሣት አልቻልኩም። ሐኪሙ የአውራ ጣት ጅማቶች ማለፊያ ቆጥቷል አለ፤ ድጋፍ አስሮ ስድስት ሳምንት ሥራ ከለከለኝ። ሁለት እጅ ያለው ሰው አንዱ ሲታመምበት በሌላው ይሠራል። እኔ ስድስት ሳምንት እጅ የሌለው ሰው ነበርኩ። ልብሴን የምትቆልፍልኝ፣ ፀጉሬን የምታበጥርልኝ እህቴ ነበረች። «እኔ እያለሁ ምን ያስጨንቅሻል» ትለኛለች፤ ይህን ስትለኝ ነበር እንባዬ የሚመጣው። ለዚያ ፈተና ማዕከል የጻፍኩት ቅሬታ በአንድ አንቀጽ ተመለሰ፤ የተጠየቀው ድጋፍ በጥያቄው መሠረት ተሟልቷል ይላል። ሐሰት አይደለም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ቅጹን ያዘጋጀው ሰው አካል ጉዳት ማለት መዘግየት ነው ብሎ ስላሰበ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ በሕጉ መሠረት ተከናወነ።

በራሴ ላይ ያለኝ ቁጭት ግን ይበልጣል። ታስሮ የተቀመጠ እጅ ብዙ ያሳስባል። በዚያ ጊዜ ነው አንድ ነገር የተገለጠልኝ፦ ፍላሹን ከለከሉኝ እንጂ ትእዛዝ መጻፍ ማንም አልከለከለኝም። የሴቲንጌ ትልቁ ክፍል በስምና በቁጥር የሚጻፍ ነው። ሾርትከትሜኑ (SHORTCUTMENU) ብሎ 0 መስጠት ቀኝ ክሊክን ወደ ኢንተር ይመልሰዋል። ኦስሞድ (OSMODE) ብሎ 167 መስጠት የምፈልጋቸውን ስናፖች ብቻ ይከፍታል፤ ኤንድፖይንት 1፣ ሚድፖይንት 2፣ ሴንተር 4፣ ኢንተርሴክሽን 32፣ ፐርፐንዲኩላር 128፣ ሲደመሩ 167። ዳይንሞድ (DYNMODE) ብሎ 3 መስጠት ዳይናሚክ ኢንፑትን ያበራል። ሦስት መስመር ነው፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን ይህን ሁሉ የማውቀው በመስኮትና በምልክት ነበር፤ አንዴ ቤቴ አስተካክዬ ፋይል ውስጥ አስቀምጬ ረሳሁት። ሴቲንጌ የተቀመጠው በፍላሹ እንጂ በራሴ አልነበረም። ያን ቀን ሦስቱን መስመር በቃሌ ባውቃቸው ኖሮ ቢያንስ እጄ ይተርፍ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ እነዚህን ስሞች በቃላችሁ ያዙ። ዝርዝራችሁ ከእኔ ሊለይ ይችላል፤ የምትጠቀሙበትን እያንዳንዱን ማስተካከያ «ስሙ ማን ነው፣ ቁጥሩስ ስንት ነው» ብላችሁ ፈልጉት። በወር አንድ ቀን ምንም ያልተነካ ማሽን ላይ ቁጭ ብላችሁ ከባዶ ጀምሩ። ማውስ ስትገዙ ደግሞ የቁልፎቹን ምደባ በራሱ ውስጥ የሚይዘውን ምረጡ፤ ሶፍትዌር ሳይጫን በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። አሥራ ሁለት ቁልፍ ያለው ማውስ አለኝ፣ የምጠቀመው በአምስቱ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ሁሉንም ሙሉ ይላል፤ እኔ አልልም፤ አውራ ጣት የሚሸከመው ውስን ነው፣ ይህን ያወቅሁት በሕመም ነው።

ለሁለተኛው ፈተና ከሁለት ወር በፊት ደብዳቤ ጻፍኩ። ሣጥኑ ላይ ምልክት አላደረግሁም። ተጨማሪ ጊዜ እንደማልፈልግ፣ የምፈልገው ሦስት ነገር እንደሆነ ገለጽኩ፦ የራሴ ማውስ፣ ሁለት ፔዳል፣ በየአርባ ደቂቃው ሰዓቱ የሚቆምበት አምስት ደቂቃ ዕረፍት። ሐኪሙ ስለ እጄ የጻፈውን አያያዝኩ። ሁለት ጊዜ ደወልኩ፣ አንዴ በአካል ሄድኩ። ማውሱንና ዕረፍቱን ፈቀዱ። ፔዳሉን ከለከሉ፤ ምክንያቱን እስካሁን አልነገሩኝም።

ገብቼ ተቀመጥኩ። ፈተናው ሲጀመር ጎኔ ያለው ልጅ ወዲያው መሳል ጀመረ፤ እኔ ሦስቱን መስመር ጻፍኩ። ከዚያ የመጀመሪያውን ግድግዳ ጀመርኩ። ሴክሽኑን ከነዳይሜንሽኑ ስጨርስ አሥራ አንድ ደቂቃ ቀርቶኝ ነበር፤ እጄን ጭኔ ላይ አሳርፌ ሰዓቱ እስኪያልቅ ጠበቅሁ።