ጡረታ የሌለን ባልና ሚስት እንዴት እንደቆጠብን፣ የትኛው ወረቀትስ እንዳስለፋን

እኔ ደሴ ሸዋ በር ጨርቃ ጨርቅ እሸጣለሁ፤ ባለቤቴ በርበሬ፣ ሽሮና በሶ አዘጋጅታ ታከፋፍላለች። ሁለታችንም አሠሪ ስለሌለን ስልሳ ሲሞላን የሚጠብቀን ጡረታ የለም። ገንዘብ ስለማስቀመጥ መካሪው ብዙ ነው። አንዳችን ስንሞት ያ ገንዘብ ለሌላው እንዲደርስ የሚያደርገውን ወረቀት ግን የነገረን ሰው አልነበረም፤ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

መጠኑን ስንወስን የተቀጣሪውን ሕግ ተከተልን። በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጥበታል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርለታል፤ በድምሩ 18። እኛም ለየራሳችን በወር 10,000 ብር ደመወዝ መደብን፤ የቤት ወጪ ከዚያ ውጭ አይነካም። ለጡረታ በነፍስ ወከፍ 1,800 ብር እናስቀምጣለን፦ 700ው ከደመወዛችን፣ 1,100ው ከንግዱ። «ትርፍ ሲኖር እንቆጥባለን» የሚል ነጋዴ አይቆጥብም፤ ትርፉ ሁልጊዜ ዕቃ ሆኖ መደርደሪያ ላይ ይወጣል።

እቁብ ለንግድ ጥሩ ነው፤ ለጡረታ አይሆንም። ሃያ ሰው በወር 5,000 ብር የሚጥልበት እቁብ 100,000 ብር ነው። መጀመሪያ የደረሰው ዕቃ ይገዛበታል፤ መጨረሻ የሚደርሰው ያንኑ 100,000 የሚያገኘው ገበያው ከተወደደ በኋላ ነው። አሥር ሰው ያለበት፣ ቶሎ የሚያልቅ፣ እጣ የደረሰው በጽሑፍ ዋስ የሚጠራበት ይሻላል።

ባንክ 100,000 ብር በ7 በመቶ ቢቀመጥ በዓመት 7,000 ይወልዳል፤ ከወለዱ 5 በመቶ ግብር፣ ማለትም 350 ብር ይነሳና 6,650 ይቀራል። ኑሮው ከዚያ በላይ ሲወደድ ገንዘቡ እያነሰ ነው። የምንዛሬ ተመን ለገበያ የተተወው ሐምሌ 2016 ነው፤ ብር ብቻ ይዞ የነበረ ሰው ያኔ የሆነውን ያውቃል። የባንክ ሠራተኞች በጊዜ ገደብ አስቀምጡ ይላሉ፤ እኔ ባንክ የስድስት ወር የቤት ወጪ ይበቃዋል እላለሁ። ወለድ የማይፈልግ ሰው ወለድ አልባ ሒሳብ ያገኛል። የቀረውን ግቢ ውስጥ የሚከራዩ ክፍሎች ሠራንበት፣ ጥቂቱን ወርቅ ገዛንበት። ወርቅ ስትገዙ ፈርጥ የሌለው ይሁን፤ የእጅ ዋጋ ስትሸጡ አይመለስም፣ ደረሰኙንም አትጣሉ። ጥቅምትና ኅዳር 2014 ደሴና ኮምቦልቻ ጦርነቱ ሲገባ ባንክ ተዘግቶ፣ ስልክ ተቋርጦ፣ ሱቅ ተዘርፎ ነበር። ስለዚህ የወር ወጪ በእጅ ይኑር፤ ያለው ሁሉ አንድ ሱቅ ውስጥ አይሁን።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የጋራ ሒሳብ ስንከፍት የባንኩ ሠራተኛ «ባለቤትህ ናት፣ ምንም ቢመጣ ገንዘቡ የእሷ ነው» አለኝ። ስህተት ነው፣ ሰውም አምኖ ይሄዳል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ያለ ኑዛዜ ለሞተ ሰው የሚቆጥራቸው ወራሾች መጀመሪያ ልጆች፣ ልጅ ከሌለ ወላጆች፣ ከዚያ ሌሎች ዘመዶች ናቸው። ባል ወይም ሚስት በዚያ ተራ ውስጥ የሉም። በሕይወት የቀረው ከጋራ ንብረቱ የራሱን ግማሽ ይወስዳል፤ የሟቹ ግማሽ ለወራሾች ነው። ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት አብረው የሠሩት ቤት ግማሹ ለአማት ሊሄድ ይችላል ማለት ነው። ባንኩም ሞቱን ሲሰማ ሒሳቡን ይይዛል፣ የፍርድ ቤት ማስረጃ ይጠይቃል። ወጪው የሁለት ፊርማ ከሆነ ደግሞ የቀረው ሰው የቀብር ወጪ እንኳ አያወጣም። በአንዳችሁ ፊርማ የሚወጣበት የቤት ሒሳብ ለብቻው ይኑራችሁ።

ግማሹን ለመውሰድም ጋብቻው መረጋገጥ አለበት። ኒካ ያሰረም፣ በቤተ ክርስቲያን የተጋባም ወሳኝ ኩነት ዘንድ ይመዝገብ። እኛን ያንገላታን እዚህ ላይ የገጠመን የስም አጻጻፍ ነው። በመታወቂያው «መሐመድ»፣ በባንክ ደብተሩ «ሙሐመድ»፣ በሌላው ወረቀት «ሞሐመድ» የሚል የአባት ስም ካለ ለቢሮ ሦስት ሰው ነው። አንዱ ቢሮ መታወቂያውን አስተካክላችሁ ኑ ይላል፤ መታወቂያ ሰጪው የጋብቻውን ወረቀት አስተካክላችሁ ኑ ይላል። ሁለቱም ጥፋቱ የጸሐፊ እንደሆነ እያዩ ነው የሚመልሱት፤ እስካሁን ያናድደኛል። ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ ማመላለስ አልፈታውም። የፈታው ስሞቹ የአንድ ሰው መሆናቸውን ፍርድ ቤት ያረጋገጠበት ወረቀት ነው፤ ከመጀመሪያው ወደዚያ ሂዱ። ከዚያ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፦ መጀመሪያ ፋይዳ (ብሔራዊ መታወቂያው)፣ ቀጥሎ ባንክ፣ ጋብቻ፣ ንግድ ፈቃድ። ባንኩ ከፋይዳ ስለሚገለብጥ ፋይዳው ላይ የተሳሳተ ፊደል ሁሉም ጋ ይዞራል። በእንግሊዝኛ የተጻፈውንም ሳትፈርሙ ፊደል በፊደል አንብቡት።

ኑዛዜ ሟርት አይደለም፤ ጤነኛ ሰው ነው የሚጽፈው። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ ቢናዘዙ ሕጉ አይቀበለውም፤ ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ያስፈልጋሉ። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ወዲያው ይፈረማል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። መነበቡም በጽሑፉ ውስጥ ይገለጽ። በራስ እጅ የሚጻፈው ሙሉ በሙሉ በራስ ጽሕፈት፣ ቀንና ፊርማ ያለበት ይሁን፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ይፈርሳል። በቃል ለሁለት ምስክር የተነገረው ኑዛዜም ተናዛዡ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ይፈርሳል። ልጆችን ግን አትርሱ፤ ያለ በቂ ምክንያት ከውርስ መንቀል ክርክር ያመጣል።

የክፍሎቹን የኪራይ ውል ሁለታችንም ፈርመናል። የሰነዶቹ ሁለተኛ ቅጂ ኮምቦልቻ የባለቤቴ እህት ዘንድ ነው። ሐምሌ ግብር ስንከፍል ደመወዛችንን እንደገና እንተምናለን፤ ሽሮው ከተወደደ 1,800ውም ከፍ ይላል።